ኪስ ውስጥ የገባው ፒኤስፒ

የሶኒን የእጅ ጨዋታ መሣሪያ፣ ፒኤስፒን፣ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የጂንካ ወጣት፣ ጨዋታዎቹን በአንድሮይድ ስልኩ መጫወት ይችላል። ይህን ያስቻለው ሄንሪክ ሪድጎርድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለ ነፃ ኢሙሌተር (የአንዱን መሣሪያ አሠራር በሌላው ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። መተግበሪያው ይጫናል፤ ከራስ ዲስክ የተቀዳው የጨዋታ ፋይል ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል። የአንዱ ዲስክ ይዘት ቢበዛ 1.8 ጊጋባይት ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከደቡብ ኦሞ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው!

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ሴቭ ስቴት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ ጨዋታው መሃል ላይ ባለበት ይቀመጥና በኋላ ከዚያው ይቀጥላል።

ጨዋታው ከተንቀረፈፈ የምስሉን ጥራት ወደ ፒኤስፒው መነሻ፣ 480 በ272 ፒክስል፣ መመለስ ብዙ ጊዜ ይረዳል።