የመተርተር ሙያ

ልብስ ሰፊን ጥሩ የሚያሰኘው መስፋቱ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ስፌት ጨርቁን ሳይቀድ መተርተሩም ነው። በባክቴሪያ የተጠቃ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪምም የሚለካው በዚሁ ነው።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል የወጣቶችን ቫልቭ በአብዛኛው የሚያበላሸው በልጅነት የተመላለሰና በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ነው። የተበላሸውን በሰው ሠራሽ ቫልቭ ለሚተካው ቀዶ ሕክምና ደጀንንና የአባይን በረሃ አልፎ አዲስ አበባ መግባት የተለመደ ነው፤ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመውና በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ያለው እዚያ ነው።

የሚገጠመው ቫልቭ ራሱ ያማረ ሥራ ነው። ሁለት ግማሽ ክብ የካርቦን ክንፎች በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ካርቦኑ ልሙጥ ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አይዘውም። ደካማው ቦታ ዙሪያውን ያለው የፖሊስተር ጨርቅ ነው፤ ክሩ የሚያልፈው በእሱ ነውና። ከታመመ ጥርስ በደም የመጣ ባክቴሪያ እዚያ ይሸሸጋል፤ በዝልግልግ ሽፋን ስለሚከለል መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ሲብስ ከጨርቁ ሥር መግል ይቋጥራል፣ ክሩ የያዘው ሥጋ ይላላል፣ ቫልቩም ይወዛወዛል።

ሐኪሙ ደረቱን ዳግም ሲከፍት ልቡን ከአጥንቱ ጋር በጠባሳ ተጣብቆ ሊያገኘው ይችላል። ልቡ ቆሞ ማሽን ደሙን ሲያዞር፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ይቆርጣል፤ ክሩንና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የጨርቅ ድጋፍ በወረንጦ ያነሣል። አንዷ ድጋፍ ልብ ውስጥ ወድቃ ብትቀር ኋላ ከደሙ ጋር ወደ አንጎል ልትሄድ ትችላለች። ከዚያ የበሰበሰውን ሥጋ ጤነኛው እስኪታይ ይጠርጋል። ቫልቩ ከልብ በሚወጣው ዋና የደም ቧንቧ በር ላይ ያለው ከሆነ፣ ከላይ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች፣ ከታች የልብን ምት የሚያስተላልፈው መስመር በሚሊሜትሮች ርቀት አሉ። ጥቂት ቢተው መግሉ ይመለሳል፤ ጥቂት ቢያበዛ ምቱ ይዛባል። ጉድጓዱን በልብ ሽፋን ቁራጭ ይጠግናል፤ አዲሱን ክር በጤነኛው ሥጋ ያሳልፋል፤ የቋጠሮው ጫፍ ክንፉን እንዳያግደው አሳጥሮ ይቆርጠዋል።

የሥራው ጥራት የሚታወቀው በአልትራሳውንድ ሲታይ በቫልቩ ዳር ደም ሳያፈስ ሲቀር ነው። የቀረው ድርሻ የታማሚው ነው፦ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ አለማቋረጥ፣ ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ቫልቭ እንዳለው መናገር፣ ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ብሎ ያገኘውን ኪኒን ሳይውጥ ደሙን ማስመርመር። ይህ ከጎደለ ያን ስፌት ማንም እጀ ወርቅ አያቆየውም።