ለዓይን የተጻፈ ፊደል

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ መውረድ በአንድ ጉዞ ከደጋ ወደ ቆላ መሻገር ነው። ላይ ገብስ፣ ጉምና ጋቢ፤ ታች ማሽላ፣ ሙቀትና ሽርጥ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ላይ ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ ታች፣ ዙሪያው ገደል በሆነው አምባ ላይ፣ አርጎባው፣ ሐረሪውና አፋሩ የሚገናኙበት የነጋዴ ከተማ ነበረ። ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን ያቋረጠ ሲራራ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው በዚህ በኩል ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ በ1841 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ንጉሡ እስኪጠራ እዚሁ ቆይቷል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም በአሊዩ አምባ ወራት ተቀምጦ የከተማይቱን ኑሮ በሰፊው ጽፏል።

ይህን ቁልቁለት ያነሣሁት ላይም ታችም፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ስለሚገኝ አንድ የምልክት ዓይነት ለመናገር ነው። ቀጥ ያለ ጭረት ነው፤ ወይም መስቀለኛ የተጣሉ ሁለት ጭረቶች። በየጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አለ። አንዳንዱ ሁለት ቀለበት አለው፣ አንዳንዱ ስምንት። ግእዝ አይደለም፣ ዐረብኛም አይደለም፤ በምድር ላይ ሰው አፉን የፈታበት የማንም ቋንቋ ፊደል አይደለም። ደብተራው ለክርስቲያን በሚጽፈው ክታብ ላይ ይገኛል፤ ሼኹ ለሙስሊም በሚጽፈው ክታብ ላይም፣ ከቁጥር ሰንጠረዡና ከሰሎሞን ማኅተሞች ጎን፣ ያው ባለቀለበት ምልክት ይሰለፋል። በሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት ጸሐፊዎች፣ በሁለት ቋንቋ የሚጽፉ፣ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እዚህ ምልክት ላይ ሲደርሱ እጃቸው አንድ ይሆናል።

የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምእተ ዓመታት በግብፅ በግሪክኛ በተጻፉ የአስማት ፓፒረሶች ላይ ይኸው ባለቀለበት ጭረት አለ። በአይሁድ የአስማት ጽሑፎች ላይ አለ። በአል-ቡኒ ስም በሚታወቀው በዐረብኛው ሸምስ አል-መዓሪፍ ውስጥም አለ። በየደረሰበት አገር ያለ ጸሐፊ ተቀብሎታል፣ ማንም ግን አልተረጎመውም። ይህን ሁሉ ድንበር ለመሻገር የረዳውም ይኸው ይመስለኛል፤ የማይነበብ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

የውጭው ዓለም የማይነበብ ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲባል ወዲያው የሚጠራው በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የበይነኪ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የቮይኒች ብራና ነው። ዊልፍሪድ ቮይኒች የተባለ የመጻሕፍት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1912 በጣሊያን አገር ገዛው፤ በ2009 በተደረገ ምርመራ ብራናው ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በምድር ላይ የማይበቅሉ ዕፀዋት፣ የከዋክብት ክቦች፣ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ የቆሙ ሴቶች ተሥለውበታል፤ ጽሕፈቱን በጦርነት ጊዜ የጠላትን ምስጢራዊ ጽሑፍ ይፈቱ የነበሩ ባለሙያዎች እንኳ ሞክረው አልፈቱትም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሴራፊኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 በራሱ ፈጠራ ፊደል አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላም ከጽሕፈቱ በስተጀርባ የተሰወረ ትርጉም እንደሌለ ራሱ ተናገረ። ሁለቱንም ማየት ያስደንቃል። የእኛ ክታብ ግን አንድ ነገር ይበልጣቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለማን እንደተጻፈ በላዩ ላይ አለ። የቮይኒችን ብራና ማን ለማን እንዳዘጋጀው የሚነግረን የለም። ክታቡ ላይ ግን በማይነበቡት ምልክቶች መካከል፣ በቀይ ቀለም፣ በሚነበብ ግእዝ፣ የአንዲት ሴት የክርስትና ስም ተጽፏል።

ሥራው ከቆዳው ይጀምራል። በባህሉ ክታቡ የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነው፤ ከራስ እስከ እግር ሰውነቱን እንዲጠብቅ ብራናውም ከራስ እስከ እግር መድረስ አለበት። አንድ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ለዚህ ርዝመት አይበቃም፤ ስለዚህ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ይቆረጥና ሁለት ሦስቱ ጫፍ ለጫፍ ተደራርቦ ይሰፋል። የሚሰፋበትም ክር አይደለም፣ ከዚያው ብራና የተቆረጠ ቀጭን ጠፍር ነው። ቆዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ ይፋቃል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል። በደንብ የተፋቀ ብራና ላይ ጣት ሲያልፍ በሥጋው በኩልና በፀጉሩ በኩል ያለው ልዩነት አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ባልተፋቀው ላይ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ቀለበቱም ይደፈናል። ባለቀለበት ምልክት የሚጽፍ ሰው ከቆዳ ፋቂው ጋር መጣላት የማይችለው ለዚህ ነው።

መስመሩ በቀለም አይሰመርም። በሁለቱ ጠርዞች በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በወስፌው ጫፍ ይጫናል፤ ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ የሚታይ ሰርጥ ይተዋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከሙጫ ተበጥብጦ ለረጅም ጊዜ ይብላላል። ብርዑ መቃ ነው፤ አፉ በቢላ ተቀርጾ መካከሉ ይሰነጠቃል። የመቃ ብርዕ ወርዱ ስለሚለያይ ወደ ታች ሲሳብ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የግእዝ ፊደል ውበት ከዚህ ይመጣል። ለቀለበት ግን ይህ ጠባዩ አይመችም። ከምስር ፍሬ ያነሰ ክብ በዚህ ብርዕ ለመዝጋት እጅ ሳይቆም አንድ ጊዜ መዞር አለበት፤ መሃል ላይ ካመነታ ቀለሙ ይጠራቀማል። መልካም በሆነ ክታብ ላይ ቀለበቶቹ ግራና ቀኛቸው ወፈር፣ ላይና ታቻቸው ሳሳ ያሉ ናቸው፤ የጸሐፊው እጅ ሳያመነታ እንደዞረ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

አሁን አንዱን የተለመደ ክታብ ከላይ ወደ ታች እንከተል። ራስጌው ላይ መልአክ ቆሟል፣ ሰይፉን ወደ ላይ መዝዞ። ክንፉ ከሰውነቱ ይበልጣል፤ ዓይኖቹ ደግሞ ከፊቱ ይበልጣሉ፣ ጥቁር ብሌናቸው በቀጥታ ወደ እኛ ያያል። ከሥሩ ጽሕፈቱ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ቀይ ናቸው፤ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን እንዴት እንዳሸነፈ ይተረካል፣ ለወላድ የሚጻፍ ጸሎት ነውና። ወደ ወገቡ ስንደርስ ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይገጥመናል። በመካከሉ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን አለ፣ በሳጥኑ ውስጥ የሰው ፊት፤ አፍንጫው ከቅንድቡ በአንድ መስመር ይወርዳል፣ አፉ ትንሽ ነው። በየጨረሮቹ መካከልም ሌሎች ዓይኖች ተበትነዋል፣ ፊት የሌላቸው፣ ዓይን ብቻ። በባህሉ እንደሚባለው፣ ሕመምተኛዋ ይህን ስታይ በእርሷ ዓይን የሚያየው ያደረባት መንፈስ ነው፤ የሚያፈጥበትን ፊት አይቶ ይደነግጣል፣ ይለቃል። ሥዕሉ የተሠራው ለእርሷ ብቻ አይደለም፤ በእርሷ ውስጥ ላለው ተመልካችም ጭምር ነው። በሥዕል ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ቁርጥ ያለ ተመልካች የታሰበለት ሥራ ብዙ አላውቅም።

ከኮከቡ በታች ባለቀለበቶቹ ተሰልፈዋል። ለእኔ የክታቡ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ቃሉን በልቡ ያውቀዋል፤ የሚገለብጥበት መጽሐፍ ቢሳሳት እንኳ ትርጉሙ ያርመዋል። ባለቀለበት ምልክት የሚገለብጥ ግን የሚያርመው የለውም። አንድ ቀለበት ቢጎድል ምን እንደጎደለ ከትርጉሙ ሊያውቅ አይችልም፤ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የጭረቱን ዝንባሌ፣ የቀለበቶቹን ብዛት፣ የአንዱን ከሌላው ርቀት ሁሉ እንዳለ ማሻገር አለበት። ከመጻፍ ይልቅ ለመሣል የቀረበ ነው፣ ግን በመጻፊያ ብርዕ፣ በጽሕፈት መስመር ላይ፣ በጽሕፈት ፍጥነት የሚከናወን።

ይህ ታማኝነት ምን ያህል ርቀት ሊወስድ እንደሚችል ከአስማቱ ስሞች አንድ ምሳሌ አለ። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የአምስቱ የመስቀል ቅንዋት ስሞች መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ክታቦችም ላይ ይገኛሉ። የእነዚህ ስሞች ዘመዶች በሮማውያን ከተማ በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተጭረው ተገኝተዋል፤ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ፣ አምስት በአምስት ሆነው ከአራቱም አቅጣጫ የሚነበቡ የላቲን ቃላት። ፖምፔ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ግድግዳ እስከ ሸዋ ብራና ድረስ ላቲን የማያውቁ ስንት ጆሮዎችና እጆች ተቀባብለዋቸዋል! ድምፁ ላላ እንጂ አልጠፋም፤ ቅደም ተከተሉም አልተዛባም።

ይህን ሁሉ ስል ክታብ በሽታ ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አስማትን ስታወግዝ ኖራለች። ከአንኮበር በላይ ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋይንና አስማተኛን እጅግ አጥብቀው ነቅፈዋል። ሼኾቹም ዘንድ ክርክሩ አላባራም። ውግዘቱ ግን አንድ ነገር አስከትሏል፤ ክታብ ጸሐፊው እንደ ገዳም ጸሐፊ በግልጽ አልተከበረም፣ ስሙንም በሥራው ላይ አላኖረም። የባለቤቷን ስም እናውቃለን፣ የእርሱን ግን አናውቅም።

ክታቦቹን በቁም ነገር ካጠኗቸው መካከል አንዲት ሴት ሁልጊዜ ትታወሰኛለች። ደቦራ ሊፍሺትስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ነበረች፤ በ1940 የክታብ ጸሎቶችን ከትርጉማቸው ጋር በፓሪስ አሳተመች። አይሁዳዊት ስለነበረች በ1942 ተይዛ ወደ አውሽቪትስ ተላከችና እዚያው ተገደለች። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው በሌሎች ቀጠለ፤ ዣክ መርሲዬ ከደብተራዎቹ ጋር ዓመታት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 በፓሪስ ታላቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። እዚያ ከጥንቶቹ ክታቦች ጎን የገራና የጌዴዎን ሥራዎች ተሰቅለው ነበር፤ ሁለቱም የደብተራውን ጥበብ ተምረው በወረቀት ላይ ያሰፉት ሰዎች ናቸው። የጌዴዎን ወረቀቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር የተሞሉ ስለሆኑ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የላቸውም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በብራናና በዛፍ ልጥ ላይ የሠሯቸው ሥዕሎች የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው፤ ዓይኖቹ፣ የጥቅሉ ቁመት፣ ሊነበብ ደርሶ የማይነበበው ምልክት፣ ሁሉም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርብ ላሳይ። በብዙ ክታቦች ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ቦታ ሻካራ ነው። ብራናው በቢላ ተፍቆ ሳስቷል፣ በላዩም በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም አዲስ ስም ገብቷል። እናት ለልጇ ስታወርስ፣ ወይም ክታቡ ሲሸጥ፣ አሮጌው ስም እየተፋቀ አዲሱ ይጻፋል። ጸሎቱ አልተነካም፣ ምልክቶቹም አልተነኩም። አንድ ስም ሦስት አራት ቦታ ስለሚጠቀስ ፋቂው አንዱን ይዘነጋዋል፤ ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ስም ሳይፋቅ የቀረበት ክታብ ያጋጥማል። የቤተሰብ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአያትህ ሳጥን ውስጥ በቆዳ የተለበጠ ጥቅል ካገኘህ አትቸኩል። ሥዕሉን ቆርጦ በመስታወት አግብቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል፤ ጽሕፈቱ ይጣላል፣ ስሙም ከእርሱ ጋር ይጠፋል። ስፌቱን አትፍታው፣ እርጥብ ጨርቅ አታስነካው፣ በግድም አትዘርጋው። የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ጠይቀህ ጻፍ። ከዚያም በስድስት ኪሎ ላለው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወይም ለአካባቢህ የባህል ጽሕፈት ቤት አሳየው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው።