የማይጐብጠው አግዳሚ
ስለ ጋሊሌዮ የመጨረሻ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

ቀጥ ያለ ነገር ቀጥነቱን ሲያጣ በአማርኛ የሚነገርበት ቃል ብዙ ነው። ሽማግሌ ይጐብጣል፤ ሎሌ ያጐነብሳል፤ አጥር ይዘምማል፤ ልምጭ ይለመጣል፤ ብረት ይቈለመማል፤ አዝመራ ይጋሽባል። ጐጆ ግን ይቀለሳል። ከነዚህ ሁሉ መካከል የምስጋና መልክ ያለው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጐጆ የሚቀልስ ሰው እንጨቱን ጐንበስ አድርጎ ከባልንጀራው ጋራ ስለሚያገናኘው ነው። የቀሩት የርጅና፣ የመገዛት ወይም የጕዳት ቃላት ናቸው።

ይህን የቃል ነገር እንድናነሣ ያደረገን በ1638 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ የታተመው የጋሊሌዮ ጋሊሌይ መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስሙ ረዥም ስለ ሆነ ባጭሩ «ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች» ይባላል። አንደኛው ሳይንስ ስለ እንቅስቃሴ የሚናገረው ሲሆን ተማሪዎቻችን ስለሚወድቁ አካላት የሚማሩት ከዚያ የመነጨ ነው። ሌላው ጠጣር አካላት ሳይሰበሩ ሸክምን እንዴት እንደሚቋቋሙ የሚመረምረው ነው። ስለዚህኛው ብዙ ሰው አያነሣም፤ ድልድይና ፎቅ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሁሉ ግን የርሱ ባለዕዳዎች ናቸው።

መጽሐፉ የተጻፈው በጭውውት መልክ ነው። ሳልቪያቲ፣ ሳግሬዶና ሲምፕሊቺዮ የተባሉ ሦስት ሰዎች አራት ቀን ሙሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ የሚጀመረው በቬኒስ የመርከብ መሥሪያ ቦታ ሲሆን፣ ትልቅ መርከብ ከትንሽ መርከብ ይልቅ በዙሪያው ብዙ ድጋፍ የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ደራሲው ከአናጢዎች መካከል መነሣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት አብዛኞቹ እንዲህ ያለውን መክፈቻ እንደ ውርደት በቈጠሩት ነበር።

ከምሳሌዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የዕብነ በረዱ ዓምድ ነው። አንድ ታላቅ ዓምድ በሁለት ጫፎቹ በግንድ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ አንድ ብልኅ ነኝ ባይ መካከሉ እንዳይሰበር ብሎ ሦስተኛ ድጋፍ ጨመረለት። ሁሉም ምክሩን አመሰገነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓምዱ ልክ በአዲሱ ድጋፍ ላይ ተሰብሮ ተገኘ። ከጫፎቹ አንደኛው ድጋፍ በስብሶ ዝቅ ሲል የመካከለኛው ግን ጠንክሮ ስለ ቀረ፣ የዓምዱ እኩሌታ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። ሁለቱ ድጋፎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሲወርድ ዓምዱም አብሮ በወረደ ነበር። አላስፈላጊ እርዳታ እንዴት እንደሚጐዳ በአንድ ገጽ እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ጸሐፊ በልብ ወለድ ዓለምም ቢሆን ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ቀን ከግድግዳ ወጥቶ በጫፉ ሸክም የተንጠለጠለበት አግዳሚ ይቀርባል። ጋሊሌዮ የአግዳሚው ብርታት በወርዱ ልክ፣ በቁመቱ ደግሞ በራሱ በተባዛው ልክ እንደሚያድግ አስረዳ። ለምሳሌ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በጠርዙ ቢቆም በጀርባው ከተጋደመው አራት እጥፍ ይሸከማል። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ የጸና ነው። ዳሩ ግን ከመጐተት ኃይል ተነሥቶ ትክክለኛውን መጠን ሲያሰላ ውጤቱ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በጋሊሌዮ አሳብ አግዳሚው አይጐብጥም። ከታችኛው ጠርዙ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ዞሮ በአንድ ጊዜ ይገነጠላል እንጂ፣ የላይኛው ጐኑ ሲለጠጥ የታችኛው ሲታመቅ፣ በመካከላቸውም የማይለጠጥና የማይታመቅ ስስ ንጣፍ ሲኖር አልታየውም። ሮበርት ሁክ በ1678 ስለ መለጠጥና ስለ መታመቅ ጻፈ፤ ሌኦንሃርድ ኦይለር በ1744 አንድ ቀጭን ዘንግ ሲጐብጥ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ቅርጾች በዘጠኝ ወገን ለይቶ ቈጠረ፤ የመካከለኛውም ንጣፍ ቦታ በናቪዬ ትምህርት በ1826 ተደላደለ። እንግዲህ የጋሊሌዮ መጽሐፍ የመሰበር እንጂ የመጕበጥ መጽሐፍ አይደለም። በዚያ ዓለም ውስጥ አካል ወይ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይ ይሰበራል።

ይህ ጕድለት ለምን እንደሚያስደንቅ የደራሲውን ሕይወት የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ጋሊሌዮ በ1633 በ69 ዓመቱ በሮም ተንበርክኮ ምድር ትዞራለች የሚለውን አሳቡን ክዷል። (ከዚያ ሲነሣ ቀስ ብሎ «ትዞራለች እንጂ» አለ የሚባለው ወሬ በጊዜው በጻፈ ሰው አልተመሰከረም።) ከዚያ በኋላ በፍሎሬንስ አጠገብ በአርቼትሪ በቤቱ ታስሮ ሳለ ይህን መጽሐፍ ጨረሰ። ሲታተም ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በመታሰቢያው መልእክት ላይ ደግሞ የእጅ ጽሑፉን ለአንድ የፈረንሳይ መስፍን አደራ እንደ ሰጠና መታተሙን ሲሰማ እንደ ተገረመ አድርጎ ይናገራል። አታሚውን ራሱ እያወቀ ይህን ማለቱ ሌላ ጕብጠት ነው።

ብሬኽት ስለ ጋሊሌዮ በደረሰው ተውኔት፣ በተለይ በ1947 በአሜሪካ በታየው ቅጂ፣ ሽማግሌው ራሱን እንደ ከሐዲ እንዲፈርድ አድርጎታል። ፍርዱ ኃይለኛ ነው፤ ይሁን እንጂ አይበቃንም። ብሬኽት ራሱ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በዋሽንግተን ለምርመራ ቀርቦ በትሕትናና በብልሃት መልስ ሰጥቶ በማግሥቱ አገሩን ለቆ መሄዱን ስናስታውስ፣ ለሌላው የማይፈቅደውን ለራሱ ፈቀደ ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ መጽሐፉን ያስገኘው ያ መንበርከክ ነው። ጆርዳኖ ብሩኖ በ1600 አልጐብጥም ብሎ በእሳት ተቃጠለ፤ ክብሩን ማንም አይወስድበትም፤ የአግዳሚውን ሕግ የሰጠን ግን ያኛው ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ በእውነት የሚጐብጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሲምፕሊቺዮ ነው። በ1632 በወጣው ጭውውት ይኸው ሰው ለአርስጣጣሊስ ብቻ የሚሟገት ግትር ነበር፤ በዚህኛው ግን ትምህርቱን እንደ ገና ቢጀምር ከሒሳብ እንደሚነሣ ያምናል። ደራሲው ባላጋራውን ሳያዋርደው ማለዘቡ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከቀድሞው መጽሐፍ የሚበልጥበት አንደኛው ምክንያት ነው።

ስለ ቀጭንና ስለ ክፍት አካላት የተጻፈው ክፍል አጭር ቢሆንም ሊዘለል አይገባውም። የስንዴ አገዳ ከራሱ የሚከብድ ዛላ ይሸከማል፤ በዚያው ልክ ባለ ነገር ድፍን ሆኖ ቢሠራ ግን ይደክም ነበር ይላል። የወፍ አጥንትና ሸምበቆም እንደዚሁ ናቸው። ላ ፎንቴን በ1668 ያሳተመው የዋርካና የሸምበቆ ዓይነት ተረት ሸምበቆን ስለ ትሕትናው ያመሰግነዋል፤ ጋሊሌዮ ግን ምስጋናውን ለባዶ ሆዱ ይሰጣል። የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ ጠልፈው የሚያቆሙት ረዥም ቤት በዚሁ ጥበብ የቆመ ነው፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ከሥሩ እየተቈረጠ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። አገዳውም ቢሆን ወሰን አለው። ዛላው ከመጠን በላይ ሲከብድ አዝመራው ይጋሽባል፤ ቦርሎግ በ1970 የኖቤልን ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ አጭር አገዳ ያለውን ስንዴ ማስፋፋቱ ነበር፤ የጤፍ ገበሬ ግን ዛሬም ከዚህ ችግር አልወጣም። የዋጋ መናር ግሽበት መባሉም ለሚያስተውል ሰው የሚያሳዝን ግሩም ስያሜ ነው።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ቢኖር ትልቁ ድካሙ ከቃላቱ ላይ ይሆናል። ለአግዳሚው «መለመጥ» የሚለውን እንመርጥለታለን፤ ልምጭ ተለምጦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ስለሚመለስ የመለጠጥን ነገር በውስጡ ይዟል። «መጕበጥ» ለማይመለሰው ይቈይ። በመቅድሙ የ1633ን ታሪክ ሲጽፍ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ እኛ ብንሆን መጽሐፉ ከአምስት ዓመት በኋላ መውጣቱን ቈጥረን የመጀመሪያውን እንጽፍ ነበር።