ሩጫውን ለጨረሰ ሰው የሚዘፈን ዘፈን

ስለ ቀድሞ ስፖርተኛ የተሠራ የትዝታ ዘፈን ስሰማ መጀመሪያ የማየው ግጥሙ ከየት እንደሚነሣ ነው። ሜዳሊያ እየቆጠረ፣ ባንዲራ እያውለበለበ ከተነሣ ውዳሴ ነው። ውዳሴውን ሰውየው በጉልበቱ ሳለ ጠግቦታል። ትዝታ የሚጀምረው ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነው።

የአሜሪካዊው ድምፃዊ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ግሎሪ ዴይስ» ጥሩ መለኪያ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» አልበም ውስጥ ይገኛል። ዘፋኙ በትምህርት ቤት ዘመኑ ስመ ጥር ቤዝቦል ተጫዋች የነበረ ጓደኛውን መንገድ ዳር መጠጥ ቤት በር ላይ ያገኘዋል። ገብተው ይጠጣሉ፤ ጨዋታው ግን ከድሮው ፈቀቅ አይልም። ዛሬ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ማን ቤት እንደሚጠብቀው ግጥሙ አንዲት ቃል አይነግረንም። ያ ዝምታ ነው ሆድ የሚያባባው። ዜማው ደግሞ የሚያስጨፍር እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን መጨረሻውን ነው፤ ዘፋኙ ራሱም አርጅቶ ያንኑ የድሮ ወሬ ሲደጋግም እንዳይገኝ ይሰጋል። ጓደኛውን ከላይ ሆኖ አላዘነለትም፤ አጠገቡ ተቀመጠ።

በእኛ ዘፈን ፈተናው ቅኝቱ ላይ ነው። የትዝታ ቅኝት ገና ክራሩ ሲነካ አንጀት ስለሚበላ፣ ደካማ ግጥም ተደግፎት ያልፋል። ስለዚህ ግጥሙን ያለ ዜማ ለብቻው ማንበብ ያስፈልጋል። ያኔም ሆድ ካባባ ግጥም ነው። ድምፃዊው በየስንኙ መጨረሻ የሚያለቃቅስ ከሆነም እጠራጠራለሁ።

ሯጩን ምሩጽ ይፍጠርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ማግኘቱን የማያውቅ የለም፤ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ቅጽል ስሙን የሚደጋግም አዝማችም ማንም ይጽፋል። የሚቆጨው የካናዳዋ ሞንትሪያል ናት። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. የ1976ቱን የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲተዉ ኢትዮጵያም ተወች፤ ምሩጽም ሳይሮጥ ቀረ። በኋላ ኑሮው እዚያው ካናዳ ሆነ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ። ያልሮጠባት አገር የመጨረሻ መኖሪያው ሆነች። በዚያ ላይ ዕድሜውን ሲጠይቁት ቁርጡን አይናገርም ነበር። ያለፈ ጊዜን ለሚያዜም ገጣሚ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ይህን ይዞ ሞስኮን በአንድ ስንኝ ብቻ የሚያነሣ ግጥም ወርቁን ከሚዘረዝሩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ገጣሚዎቻችን ሆይ፣ ሞስኮ ይብቃን፤ ቶሮንቶን ጻፉልን።