ሁሉም «ጀመረ» አይደለም

የእንግሊዝኛ ትምህርት ጉዳይ ሲነሣ እኛ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ግስ ጊዜያትና ስለ መስተዋድድ አገባብ ነው። አንድ ነገር መነሣቱን፣ መግባቱን ወይም ሥር መስደዱን የሚገልጹት ግሶች ግን እንደ ቀላል ነገር ታይተው ይታለፋሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህን ልማድ ነው።

ለትችታችን መነሻ የሆነን በጁባ ከተማ፣ በሀይ ጀላባ ሠፈር የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚያጠኑበት አንድ የቃላት ደብተር ነው። «ሀይ» በዓረብኛ ሠፈር ማለት ሲሆን፣ «ጀላባ» ደግሞ ከሰሜን ሱዳን ይመጡ የነበሩ ነጋዴዎች መጠሪያ ነው። ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር በሆነችበት በ2011 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በቤት አማርኛ፣ በገበያ የጁባ ዓረብኛ፣ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ያስፈልጋቸዋል።

ደብተሩ በንጽሕና የተያዘና ድካም የፈሰሰበት ነው። በግራው ረድፍ «ቢጊን»፣ «ስታርት»፣ «ብሬክ አውት»፣ «ሴት ኢን»፣ «ቴክ ሆልድ»፣ «ካም ኢንቱ ፎርስ» የሚሉ ግሶች ተዘርዝረዋል። በቀኙ ረድፍ ከስድስቱም ትይዩ የሰፈረው አንድ ቃል ነው፤ «ጀመረ»። ነገሩ የአንድ አስጠኚ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ዳሩ ግን በአገራችንም በብዙ ክፍሎች ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ትርጉሙ ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም፤ ጎደሎ ነው እንላለን።

ጉድለቱን ለማሳየት ግሶቹን አንድ በአንድ እንመልከት። «ብሬክ አውት» ድንገት ለሚነሣና ከቁጥጥር ለሚወጣ ክፉ ነገር የሚነገር ነው፤ ጦርነት፣ እሳት፣ ወረርሽኝ «ብሬክ አውት» ያደርጋሉ፤ ሠርግና ትምህርት ግን አያደርጉም። «ሴት ኢን» ገብቶ ለመቆየት የመጣን ነገር፣ ይልቁንም የማይፈለገውን ያመለክታል፤ ብርድ፣ ድርቅ፣ መበስበስ፣ ተስፋ መቁረጥ። «ቴክ ሆልድ» መጨበጥን ያሳያል፤ ነገሩ መጀመሩን ብቻ ሳይሆን በቀላሉ የማይነቀል መሆኑን ይናገራል። «ካም ኢንቱ ፎርስ» ለሕግና ለውል ነው፤ መጻፉን ወይም መፈረሙን ሳይሆን በሥራ ላይ መዋሉን ይገልጻል።

ልዩነቱ የቃላት ጌጥ ብቻ የሚመስለው ቢኖር የጁባን ታሪክ ያስተውል። በ1955 የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በየካቲት ወር 1972 የአዲስ አበባ ስምምነት ተፈረመ፤ በመጋቢት ጸደቀ። በ1983 ጦርነቱ እንደገና አገረሸ፤ በ2005 ሌላ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከነጻነት በኋላም በታኅሣሥ 2013 በዚያችው በጁባ ውጊያ ፈነዳ። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ «ሰላሙ ተፈረመ፤ ነገር ግን ሥር አልያዘም» የሚል ሐሳብ በ«ቴክ ሆልድ» ተነግሮ ያገኘዋል። ግሱን «ጀመረ» ብሎ የሸመደደ ልጅ «ሰላሙ አልጀመረም» ብሎ ይረዳዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ የጁባ ነዋሪ ያውቀዋል።

የሚያሳዝነው ደግሞ አማርኛችን ለዚህ ሁሉ ድኻ አለመሆኑ ነው። እኛም ብንሆን «ክረምት ጀመረ» ከማለት ይልቅ «ክረምት ገባ» እንላለን። ጠብ ይነሣል፤ ጦርነት ይፈነዳል፤ መስከረም ይጠባል፤ ችግኝ ይጸድቃል፤ ልማድ ሥር ይሰዳል። ልጅቱም «ማልቀስ ያዘች» ይባላል። የግእዙ «አኀዘ» ያዘ ማለት ሆኖ ሳለ ከሌላ ግስ ጋር ሲቀናጅ «ጀመረ» ይሆናል፤ የእኛ «ያዘ» የእርሱ ዘመድ ነው። የዓረብኛው «አኸዘ»ም ወንድሙ ነው፤ እንደዚሁ መያዝንም መጀመርንም ይገልጻል። በጁባ ዓረብኛ ደግሞ «ተነሣ» የሚል ትርጉም ያለው «ጉም» ከሌላ ግስ ፊት ሲገባ የድርጊቱን መጀመር ያሳያል። እንግዲህ የሀይ ጀላባው ልጅ መነሣትና መያዝ የመጀመር ትርጉም እንደሚሰጡ በአማርኛውም በዓረብኛውም ያውቃል። እንግሊዝኛው «ቴክ ሆልድ» ባዕድ የሚሆንበት እኛ ድልድዩን ስላፈረስንበት ነው።

መለወጥን በሚገልጹት ግሶችም ላይ ያለው ችግር ተመሳሳይ ነው። አማርኛ «ቀላ»፣ «አረጀ»፣ «ታመመ»፣ «ጨለመ» ብሎ በአንድ ግስ የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ «ተርን»፣ «ግሮው»፣ «ፎል»፣ «ጌት» እያለ ከቅጽል ጋር ያጣምረዋል። ተማሪው ግን ሁሉንም በ«ቢካም» ይወጣዋል። «ፎል» መውደቅ ነው ተብሎ ብቻ የተነገረው ልጅ «ፌል አስሊፕ» የሚል ሲያነብ ሰውዬው ከአልጋው ወደቀ ብሎ ቢገምት ማንን እንወቅሳለን? «እንቅልፍ ጣለው» የሚለውን የራሱን አነጋገር ብናስታውሰው ግን ወዲያው በገባው ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ማስገባት ተማሪውን ያሰንፋል» ይላሉ። ሰሌዳ ሙሉ ትርጉም እያስገለበጡ መዋል እንደሚያሰንፍ እኛም እንስማማለን። ነገር ግን አንዱን «ጀመረ» ስድስት ጊዜ ማስጻፍም አማርኛ ማስገባት ነው፤ ያውም ደካማ አማርኛ። ሌሎች ደግሞ ጊዜ አይበቃም ይላሉ። አንድን ግስ ከሚስማማው ስም ጋር አድርጎ መጻፍ ግን የሚጨምረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

መንገዱም አዲስ አይደለም። በ1973 አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት ደግሞ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ይተረጉማል። ከዚህ የምንማረው ቃል ብቻውን እንደማይኖር ነው።

ስለዚህ መምህሩ እንዲህ ያለ ግስ ሲያጋጥመው ሦስት ጥያቄዎችን ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ እንመክራለን። ነገሩ የመጣው ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? የሚፈለግ ነው ወይስ የሚፈራ? ከገባ በኋላ ይቆያል ወይስ ያልፋል? መልሱን ካገኙ በኋላ የሚስማማውን የአማርኛ ግስ ራሳቸው ይፈልጉ፤ በደብተራቸውም ሦስተኛ ረድፍ ከፍተው ግሱ የሚወዳቸውን ስሞች ይጻፉ። ፈተናም ስናወጣ «የዚህ ቃል ትርጉም ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ከእነዚህ ስሞች ለዚህ ግስ የሚስማማው የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። የምንጠይቀው ካልተለወጠ ተማሪው የሚያጠናው አይለወጥም።