ስለሚንቀሳቀሰው ካርታ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥታትን መነሣትና መውደቅ በሚንቀሳቀስ ካርታ የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞች ዛሬ በየስልኩ ይገኛሉና አንተም አይተህ ይሆናል። አንድ ቀለም ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ይስፋፋል፤ ጎረቤቱን ይውጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሸበሸባል። የሮማ መንግሥት እንዲህ ሆነ፤ የኦቶማን ቱርክም እንዲሁ። ይህ ሥራ ጥቅም የለውም አልልም። ወሰን ከጥንት ጀምሮ እንደ ተራራ የቆመ ለሚመስለው ተማሪ፥ መንቀሳቀሱን በዓይኑ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ካርታው የሚሰውረው ነገር አለ።

በአንድ እሑድ ገርጂ በሚገኘው ቤቴ ቡና ተፈልቶ ሳለ፥ የወንድሜ ልጅና አገሩ ወላይታ የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛው እንዲህ ያለውን ፊልም ይመለከቱ ነበር። ፊልሙ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡበት ከ1847 ዓ.ም. ይጀምርና አንዱን ዓመት በአንድ ሰከንድ ያሳልፋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አረንጓዴው ቀለም ወደ ደቡብ መፍሰስ ሲጀምር የወንድሜ ልጅ በደስታ አጨበጨበ። ጓደኛው ግን ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ።

ዝም ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጅማ በአባ ጅፋር ዘመን ለምኒልክ እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆይታለች። ወላይታ ግን በንጉሥዋ በካዎ ጦና ሥር ተከላክላ በ1887 ዓ.ም. በብርቱ ጦርነት ተያዘች፤ ብዙ ሰው አለቀ፥ ብዙ ሰው ተማረከ፥ ከብቱም ተነዳ። በካርታው ላይ ሁለቱም አንድ አረንጓዴ ናቸው። እንኳን ወላይታ፥ እኛ የተቀመጥንበት የቦሌ ሜዳ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ሳትቆረቆር የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ መኖሪያ እንደ ነበረ ካርታው አይናገርም። (እኔ ራሴ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ከአጥሬ ማዶ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ገበሬው ወዴት እንደ ሄደ ጠይቄ አላውቅም።)

ወዲያው 1928 ዓ.ም. ደረሰና አረንጓዴው ሁሉ በአንድ ቅጽበት የጣልያን ቀለም ሆነ። የወንድሜ ልጅ፥ «ይኼ ውሸት ነው! አርበኞቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጮኸ።

እውነቱን ነው። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አገሩን ሁሉ አልያዘም፤ አበበ አረጋይ በሸዋ፥ በላይ ዘለቀ በጎጃም እስከ 1933 ዓ.ም. ተዋግተዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲጨፈጨፍም ወሰን አልተለወጠምና በካርታው ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም። አምስቱ የመከራ ዓመታት አምስት ሰከንድ ሆነው አለፉ።

ጓደኛው ያን ጊዜ ቀና ብሎ በቀስታ፥ «ይህንኑ ጥያቄ ቅድምም በጠየቅህልኝ» አለው።

የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ ያና ይህ አንድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አንድ መሆን አለመሆኑን ሊቃውንት ይከራከሩበት» አልሁት፤ «እኔ የምጠይቅህ፥ ቀለሙ ሲሰፋ ያልታየህ ሰው ሲጠፋ እንዴት ታየህ?»

ካርታ ሠሪዎቹ የገበረውን አገር በጦር ከተያዘው በቀለም ቢለዩ፥ ውጊያ ያልበረደበትንም ሥፍራ በጭረት ቢያመለክቱ ከነቀፋዬ ግማሹ በቀረ ነበር። ሥራው ከባድ እንዳይደለ፥ በወረቀት የታተሙ የታሪክ ካርታዎች ይህን ሲያደርጉ እናያለን። ችግሩ ምናልባት ፍጥነቱ ነው፤ ጭረት ቀስ ብሎ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።

የወንድሜ ልጅ መልስ አልሰጠኝም። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ 1887 ላይ አቆመውና ስልኩን ለጓደኛው አቀበለው። «የእናንተ አገር የትኛው ጋ ነው?» አለው። ልጁም ጣቱን አረንጓዴው ላይ አድርጎ ከአያቱ የሰማውን ይነግረው ጀመር፤ ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳም አልጨረሰም።