«ማሽኑ ምንም አላሳየም፤ ስለዚህ ደህና ነህ»፦ የነርቭ ምርመራን ምን ያህል እንመነው?

«ማሽኑ ምንም አላሳየም፤ ስለዚህ ደህና ነህ።» ጸባችን ከዚህች «ስለዚህ» ጋር ነው።

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚያድር አንድ ወጣት እናስብ። ከአንገቱ ተነስቶ በክንዱ እስከ መሃል ጣቱ የሚነዝር ሕመም አለው፤ ጣቱም ይደነዝዛል። ሰው ሁሉ «ዲስክ ነው!» ይለዋል። ሊሆን ይችላል። ከአንገታችን በግራም በቀኝም 8፣ 8 ነርቮች ይወጣሉ። ዲስክ ወደ ውጭ ሲገፋ ወይም አጥንት ሲያድግ መውጫቸው ይጠብባል። ብዙ ጊዜ 6ኛው ሲጫን አውራ ጣት፣ 7ኛው ሲጫን መሃል ጣት፣ 8ኛው ሲጫን ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። ግን የእጅ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭም አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መሃል ጣትን ያደነዝዛል። ታዲያ ጥፋተኛው አንገት ነው ወይስ አንጓ?

የነርቭ ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ክንድ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ ተለቆ የመልእክቱ ፍጥነት ይለካል። ጤነኛ የክንድ ነርቭ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ ያስኬደዋል፤ አንጓ ላይ ከተጫነ እዚያው ይዘገያል። ቀጥሎ ኢኤምጂ ይመጣል፦ ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ገብታ ኤሌክትሪኩን ታዳምጣለች። ነርቩ የተጎዳበት ጡንቻ ዝም ማለት ሲገባው ያጉረመርማል። ከአንድ የአንገት ነርቭ የሚታዘዙ፣ ግን በተለያየ የክንድ ነርቭ የሚደረስባቸው ሁለት ጡንቻዎች አብረው ካጉረመረሙ ጣታችንን አንገት ላይ እንቀስራለን።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ የክንድ ጡንቻ ጉርምርምታ እስኪሰማ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ቶሎ የተመረመረ ሰው በከንቱ «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። ሁለተኛ፣ መርፌዋ የምትሰማው የእንቅስቃሴ ክሮችን ብቻ ነው። የተጫነው የስሜት ክር ከሆነ ሕመሙ እያለ ውጤቱ ንጹሕ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ነርቩ ተቆጥቶ ክሮቹ ግን ካልተጎዱ ለመርፌዋ የሚሰማ ነገር የለም።

«ኤምአርአይ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። እሱም የራሱ ችግር አለው፦ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ፎቷቸው ላይ የተገፋ ዲስክ ይታያል። ፎቶው ቅርጽን፣ መርፌዋ ሥራን ትናገራለች። ሁለቱም ምስክሮች እንጂ ዳኞች አይደሉም። ዳኛው በሽተኛውን የሚጠይቅ፣ የሚዳስስ፣ ጉልበቱን የሚፈትን ሐኪም ነው።

ስለዚህ ምርመራው የሚያዋጣው አንገትና አንጓ ሲምታቱ፣ ፎቶና ሕመም ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። ነገሩ ግልጽ ከሆነማ ብዙዎች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። በዕለት ገቢው ለሚያድር ሰው ደግሞ አላስፈላጊ ምርመራ የምርመራው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀረ የቀን ሥራም ነው። እግር ከደከመ፣ አካሄድ ከተዛባ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ምርመራ ሲታዘዝላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ውጤቱ ችግር ካሳየ ምን ታደርጉልኛላችሁ? ካላሳየስ?» መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ መርፌዋ ትቆይ።